ተቋርጦ አያውቅም

መስከረም 19

ማሽኑ ዛሬም ደህና ነው። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ... እሱ ባትሪው ላይ ተደግፎ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለ። እዚህ ቤት ውስጥ ሥራውን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ከእኔ ቀጥሎ።

መሥሪያ ቤቴ አርጅቷል ብሎ ሊጥለው የነበረ ኮምፒውተር ነው። አቧራውን አራግፌ፣ ማራገቢያውን ለውጬ፣ ሁለት ዲስክ ገጥሜ ከደረጃው ሥር ያለችው ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጥኩት። የጫንኩበት ሲስተም በነፃ የሚገኝ ነው፤ ዩኒክስ ከሚባለው የድሮ ሲስተም ወገን። የቤቱ ኢንተርኔት በሙሉ በሱ በኩል ያልፋል። ፎቶው፣ ፊልሙ፣ የአባባ የካሴት ክምር ሳይቀር ተገልብጦ እሱ ላይ ነው። አንዱ ዲስክ ላይ የሆነው ወዲያው ሌላው ላይ ይሆናል።

የመሥሪያ ቤት ሰዎች ኮምፒውተር ሲባል የሚያብለጨልጭ ሥዕል ይፈልጋሉ። ይሄኛው ሥዕል የለውም። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ፊደል። «እርግጠኛ ነህ ወይ?» እያለ አይለማመጥም። ያዘዝከውን ይሠራል፣ ዝም ይላል። እንዲህ ያለ ዘመድ ቢኖረኝ...

እራት ላይ አባባ «ነፃ ከሆነ ምን ጉድ ቢኖርበት ነው?» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ለሰው አንድ ቁልፍ እንኳ በነፃ ተክሎ አያውቅም፤ ምን ይፈረድበታል።

«ለመሆኑ መስመሩ ተቋርጦ ያውቃል?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «አያውቅም።»

«በቃ።»

ሚጢጢ ሳቀች። ታናሽ እህቴ ናት፣ ሠላሳን ካለፈች ቆይታለች፣ ግን ሚጢጢ እንደተባለች ቀረች። ጋሼ ሚስት ቢያገባ ኖሮ እንዲህ አያሞግሳትም ነበር አለች። አፏ!

መስከረም 24

ዛሬ ለስልኮቹ ሁሉ ስም አወጣሁላቸው። እስካሁን ስክሪኑ ላይ ረጅም ቁጥር ነበር የሚታየው። አሁን «አባባ»፣ «ሚጢጢ»፣ «እኔ» ይላል። ምን እንደሚያወሩ አላይም፣ እሱ የተቆለፈ ነው። ማን እንደከፈተ፣ ምን ያህል እንደሚጎትት ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይበቃኛል።

ቤታችን የድሮ ቤት ነው፣ ግድግዳው ወፍራም፣ የሞባይል ኔትወርክ አያስገባም። ስልክ ያለ ዋይፋይ እዚህ ውስጥ ዕቃ ነው። ስለዚህ የሚገባውም የሚወጣውም በእኔ ደጅ ነው የሚያልፈው። ደስ አይልም? ይላል።

ሚጢጢ በየማታው ከአጎታችን ልጅ ጋር ታወራለች። ውጭ አገር ያለችው። አጎታችን የአባባ ታላቅ ወንድም ነው፤ አያታችንን አልጋ ላይ እያለች ለአባባ ጥሏት ሄደ፣ ሄዶ ቀረ። አባባ እስክትሞት አጠባት፣ አገላበጣት። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ልጆቻቸው ግን በእኔ ማሽን በኩል ይሳሳቃሉ።

ጥቅምት 2

ጉድ ፈላ። ሚጢጢ ሌላ ከተማ ሥራ ልትቀጠር ነው። ትልቅ ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ። ወረቀቷን አይተው ወደዋታል፤ የቀረው በቪዲዮ የሚደረግ ኢንተርቪው ነው። መቼ ላከች? ማንን አማከረች? እኔ የቤት ዕቃ ነኝ መሰለኝ።

አባባ ደግሞ ምን ቢል ጥሩ ነው... «ሂጂ ልጄ።» አያፍርም። እግሩ አልታዘዝ ካለ ወዲህ የምታነሳው እሷ፣ መድኃኒቱን የምትሰጠው እሷ፣ ገላውን የምታጥበው እሷ። ከሄደች ማን ሊያጥበው ነው? እኔ? እዚህ ለራሴ ብቻ ስለምጽፍ ልናገረው፤ የሰው ገላ ይቀፈኛል። የአባቴም ቢሆን። ያ የተንጠለጠለ ቆዳ፣ ያ የሽማግሌ ሽታ...

አጎቴ ሄደ፣ አባባ ቀረ። ሚጢጢ ትሄዳለች፣ እኔ እቀራለሁ። እንዲያ ነው ሐሳባቸው? በሕልሟ!

ጥቅምት 5

ማሽኑ ላይ አንዲት የትእዛዝ መስመር ጻፍኩ። «ሚጢጢ» የሚለው ስልክ መንገዱ እንዲጠብ። ሲስተሙ ለምን አላለኝም።

ጥቅምት 7

ኢንተርቪው ነበራት። ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ክፍሏን ዘግታ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይታ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ይቆራረጣል ጋሼ፣ እነሱ አይሰሙኝም፣ እኔም አልሰማቸውም አለችኝ። ዕቃ ቤት ገባሁ፣ ተንበረከክሁ፣ ኬብል ነካ ነካ አደረግሁ። አላብኩ እንኳ። ወጥቼ በእኛ በኩል ምንም የለም፣ የነሱ ነው ችግሩ አልኳት።

ሻይ አፍልታ አመጣችልኝ። ስለደከምክ አለች። ጠጣሁት። ጥሩ ሻይ ነበር።

በኋላ: ሌላ ቀን ሰጧት! ቆሽቴ አረረ። ሰው እንዴት አንዴ ያልሆነለትን ሰው እንደገና ይጠራል? ሥራ ፈቶች።

ጥቅምት 9

የአጎታችን ልጅ ለሚጢጢ ደውላ እያለቀሰች ነው ያወራቻት። አጎታችን ሆስፒታል ገብቷል፣ ከዚያ የሚወጣ አይመስልም፤ ወንድሜን ላናግረው ይላል። ሚጢጢ አባባ እግር ሥር ቁጭ ብላ ለመነችው፣ አንዴ ብቻ፣ ድምፁን እንኳ ይስማ እያለች። አባባ ጆሮ ዳባ ልበስ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና «እናታችንም ድምፁን ለመስማት ስትለምን ነበር» አለ።

ልክ ነው። በዚህ ነገር እኔና አባባ አንድ ነን። የሄደ ሄደ።

ጥቅምት 12

አባባ ጋዜጣ እያገላበጠ፣ ሳያየኝ፣ «ከሩቅ አገር ሲደወል... ፊትም ይታያል አይደል?» አለኝ። በእኔ መስመር? እንደ ጎረቤት ነው አልኩት። «እንዴት እንዳረጀ...» አለ። ጋዜጣውን ገልብጦ ነበር የያዘው።

ልቡ እየተንሸራተተ ነው። ምን ገዶኝ።

ጥቅምት 14

ጠዋት። አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። ዛሬ ነው ሁለተኛው ኢንተርቪው። ሚጢጢ ፎቅ ላይ ክፍሏን ዘጋች። አባባ ከኋላ ባለው ክፍሉ ነው። እኔ ዕቃ ቤት። የማሽኑ ማራገቢያ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል።

ሰዓቱ እንደደረሰ «አባባ» የሚለው መስመር ከፍ አለ። ኳስ እያየ ነው ሽማግሌው። ለሱ መንገዱን አሰፋሁለት፣ ይደሰት። ጥቂት ቆይቶ «ሚጢጢ» የሚለው ከፍ አለ። መጣሽ?

ድንገት አልቆረጥኩትም። ድንገት የተቆረጠ ያስጠረጥራል። ቀስ እያልኩ አጠበብኩት። መጀመሪያ ምስሉ ይደርቃል፣ ከዚያ ድምፁ ይሄዳል ይመጣል። አንድ ቃል አሳልፋለሁ፣ ሁለቱን እይዛለሁ። «ይሰማል? ይሰማል?» ስትል በዓይነ ሕሊናዬ አየኋት፣ በዚያ ሰማያዊ ሸሚዝ። ከዚያ ጥርቅም። መልሰው ደወሉ፤ ከለከልኩ። እንደገና ደወሉ፤ ከለከልኩ። አሁንም... እነዚህ ሰዎች ምን ነካቸው፣ ሌላ ሰው የላቸውም? በመጨረሻ ተዉት።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከሰዓት በኋላ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከዕቃ ቤት ስወጣ ሚጢጢ ደረጃውን እያንጎራጎረች ወረደች። እንጉርጉሮ! አለቀ ጋሼ፣ ወደዱኝ፣ ከወሩ መጨረሻ በፊት ነይ አሉኝ አለችና አቀፈችኝ። ክው አልኩ። እንዴት... አልተቆራረጠም? አልኳት። እንደ ውሃ አለች። የኔ ስልክ እምቢ ስለሚል ከአባባ ጋር ተለዋውጠን ነው፣ የሱ እኮ ይሮጣል።

ተለዋውጠን።

አባባ ክፍል ገባሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የሚጢጢ ስልክ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ጠቁሮ። የአጎቴ ልጅ ድንገት ደውላ ነበር፤ አባቴ ዛሬ ብሶበታል፣ ለሚጢጢ ላሳየው ብላ። አባባ ስልኩ ሲጮህ አነሳ። የወንድሙ ፊት ድቅን አለ።

«ዘጋብኝ» አለኝ። ልጅ ነበር የሚመስለው።

ሮጬ ሄጄ ያቺን የማጥበቢያ ትእዛዝ ሰረዝኩ። ተመልሼ መልሰህ ደውልለት አባባ፣ አሁኑኑ፣ እኔ ላገናኝህ አልኩት። «ፊት ለፊት የዘጋብኝን ሰው? ከፈለገ ይደውል» አለ። ኔትወርክ ሊሆን ይችላል ብዬ ጀመርኩ። እጁን አወናጨፈብኝ፣ ውጣ እንደማለት።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። እኔ ነኝ፣ አባባ። አፌ ላይ መጣ። ሚጢጢ በር ላይ ቆማ ነበር። ዋጥኩት።

ማሽኑ አልተሳሳተም። ስልክ ዝጋ አልኩት፣ ስልክ ዘጋ። በሷ ስም የጠራሁት እኔ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ እሷ መስሎኝ...

ጥቅምት 15

አጎቴ ሞተ። ትናንት ከሰዓት ራሱን ስቶ፣ በዚያው አልነቃም።

የአጎቴ ልጅ ለእኔ ነው የደወለችው። በሚጢጢ ስልክ ዳግመኛ አልደውልም አለች። ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ትንፋሿ ሳይቀር። «አባቴ ምን እያለ ነው የሄደው መሰለህ? ‹ወንድሜን ይቅር በለኝ ስለው ዓይኔን እያየ ድርቅ አለ፣ ከዚያ ጆሮዬ ላይ ዘጋው› እያለ። እሱን ነው እየደጋገመ... ለአባትህ ይኼን ንገርልኝ። ይኼን ብቻ።»

እሺ አልኳት።

ለአባባ ማረፉን ነገርኩት። «ሲሞት ምን አለ?» አለኝ። ምንም አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። አላለቀሰም። ሚጢጢ ለሁለቱም አለቀሰችላቸው።

ጥቅምት 17

ሚጢጢ ሁለቱን ስልኮች ምግብ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠች። ሁለቱም ላይ አንድ ዘፈን ከፈተች። ሁለቱም ይዘፍናሉ። ዘጋቻቸውና ተቀመጠች።

«የኔ ስልክ ከርሞ ከርሞ አጎታችን ሊሞት ሲል ዳነ። ማን አዳነው?»

ስልክ አንዳንዴ እንዲህ ነው፣ ያረጀ ስልክ... አልኩ።

«ጎረቤት ወስጄ ሞክሬው ነበር። እዚያ ደህና ነበር። እዚህ ሲገባ ነበር የሚታመመው። ነገሩን ወንድሜ ላይ ማሰብ አሳፍሮኝ ተውኩት።» ጋሼ አላለችኝም። ከጀመረች እስክትጨርስ አንዴም ጋሼ አላለችኝም።

ስልኮቹን አስተካክዬ ደረደርኳቸው። እጄን አየችው። ከዚያ እኔው ብሼ፣ ተነስቼ፣ ሂጂ ንገሪው እንግዲህ፣ ምን ትጠብቂያለሽ አልኳት። እውነትም ትነግረዋለች ብዬ እየፈራሁ።

«አልነግረውም» አለች። «ባንድ ሳምንት ወንድሙንም ልጁንም አልቀብርበትም። አንተ ንገረው። ስታጥበው ንገረው።»

የራሷን ስልክ አንስታ ወጣች። የአባባን እዚያው ተወችልኝ። ምነው ሰድባኝ ቢሆን።

ጥቅምት 28

ሄደች። ሻንጣዋን ልያዝልሽ አልኳት፣ አልሰጠችኝም። አባባን ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ እጁን ሳመችው። እኔን ጨበጠችኝ። እንደ ባንክ ሠራተኛ።

ከመሄዷ በፊት ግን ሁሉንም አሳየችኝ። ሽማግሌው እንዴት እንደሚነሳ፣ ከየት በኩል እንደሚያዝ፣ ፎጣው የቱ የፊት የቱ የእግር እንደሆነ። ረጋ ብላ፣ አንድም ነገር ሳትዘል።

ኅዳር 3

ዛሬ አጠብኩት። መጀመሪያ ቀን አልቻልኩም ነበር፣ በእርጥብ ጨርቅ ዳበስ ዳበስ አድርጌ ተውኩት። ዛሬ ግን ሸተተ። ምን ይደረግ። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጀርባውን ሰጠኝ። ትከሻው ላይ ያለው አጥንት... ዓይኔን ጨፍኜ አሸሁት።

ጀርባውን እንደሰጠኝ ማውራት ጀመረ።

«ያን ቀን ምን እንዳልኩት ታውቃለህ? ጥለኸኝ ስትሄድ ጠልቼህ ነበር፣ አሁን አልጠላህም አልኩት። ልክ ይኼን ስለው ፊቴን አፍጥጦ አየኝ። አንዲት ቃል አልመለሰም። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ከዚያ ዘጋው።»

ምስሉ ደርቆበት ነው። መጀመሪያ ምስሉ ይደርቃል...

«ኔትወርክ ነው አባባ» አልኩት። ደፍሬ አልኩት። «ሰው ፊቱ ድርቅ የሚለው ኔትወርክ ሲያስቸግር ነው።»

ሳቀ። ጀርባው በእጄ ሥር ተንቀሳቀሰ። «ለእኔ ብለህ አትዋሽ። ሚጢጢ በዚያው ሰዓት፣ በኔ ስልክ፣ እላይ ሆና ጥንቅቅ አድርጋ ተፈትናለች። ያንተ ዕቃ ያንዱን አቋርጦ የሌላውን ያሳልፋል እንዴ?»

ሳሙናው ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ፈለግኩት። ብዙ ፈለግኩት፣ እግሬ ሥር ሆኖ።

«ያሳልፋል እንዴ?» አለ እንደገና።

«አንገትህን ቀና አድርግ» አልኩት።

ኅዳር 12

ሚጢጢ ደወለች። ለአባባ ነው የምትደውለው። ሲጨርስ ስልኩን አቀበለኝ፣ ወንድምሽ እዚህ አለ ብሎ።

«አጠብከው?» አለችኝ።

«አጠብኩት።»

«ነገርከው?»

አባባ እያየኝ ነው። ደህና ነን፣ ሁላችንም ደህና ነን አልኳት። ዘጋችው። ይሄኛው በእውነት የተዘጋ ነበር።

ለምን አልነግረውም? ቢያባርረኝ እኮ መሄጃ አላጣም። ስፈልገው የነበረውም እሱ አይደል፣ ከሱ መገላገል? አይ። ያቺ ፊቱ... ሲያምነኝ የማያት ፊቱ። ሌላ የሚያምነኝ የለም።

ኅዳር 20

አባባ ከቁርስ በኋላ ጠራኝ። ዛሬ ድምፁ ጠንካራ ነበር፣ መቀሱን ይዞ ሠራተኞቹን ሲያዝ እንደነበረው ጊዜ።

«ያ ዕቃህ ላይ የሱ ፎቶዎች አሉ አይደል? ካሴቱም።»

«አሉ።»

«አጥፋልኝ።»

ካሴቱን አውቀዋለሁ። የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሁለቱ ወንድማማቾች ወጣት ሆነው፣ የስፌት መኪናው ከኋላ እየተንኳኳ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያገባ ይወራረዳሉ። አጎቴ ይስቃል። ሳቁ የአባባ ሳቅ ነው፣ ቁርጥ። አያታችንም አለችበት፣ አንተ ጅል ስትል። ሌላ ቦታ የለም። ካሴቱ ራሱ ከተበጠሰ ቆይቷል።

ይቆይ አባባ፣ በኋላ ትፈልገዋለህ አልኩት።

«ይቅር ብዬው የዘጋብኝን ሰው ለምን እፈልገዋለሁ? ካልሆነ አንተ የምታውቀው ነገር ካለ ንገረኝ።»

ቀጥ ብሎ አየኝ። እየጠበቀ። ንገረኝ ብሎ እየለመነ እንደሆነ ገባኝ። በትንሽ ነገር፣ በማንኛውም ነገር ያምነኝ ነበር።

«የማውቀው ነገር የለም» አልኩ።

ዕቃ ቤት ገባሁ። በሩን ክፍት ተውኩት፣ የቁልፎቹን ድምፅ እንዲሰማ። የፎልደሩን ስም ጻፍኩ። ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳርፌ ጠበቅሁ። እርግጠኛ ነህ ወይ እንዲለኝ። አንዴ እንኳ። ስክሪኑ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ። ተጫንኩት። ከአንዱ ዲስክ ጠፋ፣ ከሌላውም አብሮ ጠፋ፣ እንዳዘዝኩት።

ተመለስኩ።

«ጠፋ?»

«ጠፋ።»

ትራሱን አስተካከልኩለት። ዓይኑን ጨፈነ። የተኛ መስሎኝ ልወጣ ስል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣

«ለመሆኑ ያ መስመርህ ተቋርጦ ያውቃል?» አለኝ።

«አያውቅም» አልኩት።

«በቃ» አለ።